ሰማይ ላይ «አለሁ» ስለሚል ወንድሜ

ይድረስ ለተከበሩ የምክር ቤት አባልና የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ያ ለስላሳ የቢሮ ወንበርዎ እንዴት ሰነበታችሁ? ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የረዘመ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኮሚቴዎ የጠለቀ ይሁንልዎ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ወንድሜ ሞቷል፤ እሱም ቢሆን በየቀኑ «አለሁ» ይላል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በሚገኘው የሳተላይት መቀበያ ጣቢያ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። «ነበርኩ» የምለው ጣቢያው በዚህ በጋ በኮሚቴዎ ውሳኔ ስለተቆለፈ ነው። ከጣቢያው በስተጀርባ ባለችው ወርክሾፕ ውስጥ ከአንድ የጉዞ ሻንጣ የማትበልጥ ሳተላይት ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ታናሽ ወንድሜ ሲሆን፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ሽቦ» እያለ ነው። ስሙ የወጣለት በልጅነቱ ነው፤ አባታችን ዜና ሊሰማ ሲቀመጥ ሬዲዮው በአንድ ክፍል፣ ድምፅ ማጉያው በሌላ ክፍል፣ ሽቦው ደግሞ በወንድሜ ኪስ ውስጥ ይገኝ ነበር።

ሳተላይቱ ወንዞችንና ደመናን ፎቶ እያነሣ፣ በእኛ ሰማይ ላይ ባለፈ ቁጥር ያወርድልናል። ማንነቱን ለማሳወቅ ደግሞ አንድ ቃል ይናገራል። ያች ቃል የተቀረጸች ዕለት እኔ በመስታወቱ ወዲያ ነበርኩ፤ ማይክሮፎኑ መሥራቱን ለማረጋገጥ «አለህ?» አልኩት፣ እሱም ገመድ እየፈታ ሳለ «አለሁ» አለኝ። ሊናገር ያዘጋጀው ሌላ ነበር፤ የማሽኑ ማስቀመጫ ግን ጠባብ ሆኖ ከአንዲት ቃል በላይ አልይዝ አለ፤ እሱም ስቆ «ከዚህ የተሻለ ምን እላለሁ?» ብሎ ተዋት። የእኔ ጥያቄ ምድር ላይ ቀረ፤ የሱ መልስ ብቻ ወደ ሰማይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሳተላይቱ ከተራራው ጀርባ ብቅ ሲል ተረኛው ሠራተኛ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት በማይክሮፎኑ «አለህ?» ማለት የጣቢያችን ልማድ ሆነ። ቴክኒካዊ ጥቅም የለውም። ሰው ሲጣራ ዝም ማለት ነውር ነው ብለን ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቁጥር ያደረግሁት፣ ኮሚቴዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ ስለሰማሁ ነው።

አንደኛ፤ ስለ እረፍታችን በብርቱ ስለተጨነቁልን አመሰግናለሁ። ኮሚቴዎ ለቁጠባ ሲባል ማንም ሠራተኛ በእረፍት ቀን ጣቢያው ውስጥ እንዳይገኝ፣ መብራትም እንዳይበራ አዞ ነበር። መመሪያው ለሁላችን በፊርማ ተሰጥቶናል፤ ለሳተላይቱ የነገረው ግን አልነበረም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት፣ አንድ የእረፍት ቀን ጠዋት፣ እንደ ወትሮው አለፈ፤ በላይኛው ሸለቆ የተጠራቀመውን ውሃም ፎቶ አነሣ፤ ወደ እኛ ሲደርስም «አለሁ» ብሎ ተጣራ። ክፍሉ ጨለማ ነበር። ሳይታዘዝ ደግሞ ፎቶ አያወርድም፤ እንዲህ ጨዋ አድርጎ የሠራው ወንድሜ ነው።

ውሃው በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ታችኛው ሰፈር ደረሰ። ወንድሜም እዚያው ነበር። በእረፍት ቀኑ ወንዙ ዳር የውሃ ከፍታ መለኪያ ሊተክል ወርዶ ነበር፤ ጣቢያው ውስጥ መሥራት ስለተከለከለ፣ መመሪያዎን አክብሮ ከጣቢያው ውጭ ሠራ። በማግስቱ እኔ ሥራ ስገባ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር፤ ሰዎች ከበረት የጠፋ ከብት እንደሚፈልግ ሰው ወዲያና ወዲህ ይሮጡ ነበር፤ ሽቦን ያየ ግን አልነበረም። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳተላይቱን ጠበቅሁ። ከተራራው በላይ ሲወጣ «አለህ?» አልኩ፤ «አለሁ» አለኝ። አመንኩት። ማፈር የሚገባኝ ይመስልዎት ይሆናል፤ እኔ ግን የዚያን ጊዜ በሕይወት መኖሩን የነገረኝ ራሱ መስሎኝ ልፈልገው ተነሥቼ ጃኬቴን ለበስኩ። ከዚያ ፎቶው ወረደ። የትናንቱ ውሃ ነበር፤ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ገና መንገድ ላይ ያለ፤ ከሥሩ የታችኛው ሰፈር ጣሪያዎች ደርቀው ይታዩ ነበር። ወንድሜን ያገኙት ከሰዓት በኋላ ነው።

ሁለተኛ፤ ሳምንት ሳይሞላ አጥኚ ቡድን ስላቋቋሙ አመሰግናለሁ። ቡድኑ ለረጅም ጊዜ አጥንቶ፣ በእርግጥም ጎርፍ እንደነበረ አረጋግጧል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ ክፉ ሰዎች አልጠፉም፤ እኔ ግን ውሻን እንዲህ ከመሰለ ነገር ጋር ማነካካት አልወድም፤ ውሻው ቢያንስ ያለ ውሎ አበል ነው የሚጮኸው።

ሦስተኛ፤ ወንድሜ ከሞተ በኋላም በሥራ ገበታው ላይ መሆኑን ስለመሰከሩለት ከልብ አመሰግናለሁ። በጣቢያችን የሌለ ሰው ደመወዝ ይበላል የሚል ጥቆማ ደርሶዎት በአካል ለቁጥጥር የመጡ ዕለት ትዝ ይልዎታል። ከመግቢያው በር አጠገብ ቆመው፣ መነጽርዎን አፍንጫዎ ጫፍ ላይ አድርገው ስማችንን በየተራ ጠሩ። የወንድሜ ስም፣ የሞቱ ማስታወቂያ አንድ ማኅተም ስለጎደለው፣ ገና ከስም ዝርዝሩ አልተሰረዘም ነበር። ስሙን ሲጠሩ ሳተላይቱ ከተራራው ጀርባ ብቅ ብሎ ነበርና፣ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ «አለሁ» አለ። እርስዎ ቀና ሳይሉ ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ዘበኛችን ባርኔጣውን አወለቀ። እኛ ሌሎቻችን የሱን ወንበርና በወንበሩ ጀርባ ላይ የተሰቀለውን ጃኬት እያየን ቆመን ቀረን፤ ማናችንም ልናርምዎ አልቻልንም፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ማናችንም ልናርምዎ አልፈለግንም።

ከወር በኋላ ለሟቹ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣለት፤ ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ብሎ፣ ከዚያ በኋላ ግን በተደጋጋሚ ጠረጴዛው ላይ ስላልተገኘ። ወረቀቱን ለእናቴ አነበብኩላት። «ልጄ ሥራ ጠልቶ አያውቅም፤ ይህን ንገሪያቸው» አለችኝ። ይኸው ነገርኩዎ።

አራተኛ፤ ጣቢያው እንዲቆለፍ በተወሰነ ዕለት በምክር ቤቱ ስላሰሙት ንግግር አመሰግናለሁ። የኅዋ ሳይንስን በጀት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ሲተርቱበት አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ተረቱ ጥሩ ነው። የእኛይቱ ላም ግን ትታለብ ነበር፤ ወተቱ የታጣው አላቢዋ በእረፍት ቀን እንዳትገባ ስለተከለከለች ነው። ቀጥለውም ጣትዎን ወደ ጣሪያው ቀስረው «ሰማይ አይታረስ» አሉና ተረቱን እዚያ ላይ ገትተው ወደ መቀመጫዎ ተመለሱ። ሁለተኛውን ግማሽ፣ ማለትም ማን እንደማይከሰስ የሚናገረውን፣ ለትሕትና ሲሉ እንደተውት ይገባኛል። አይጨነቁ፣ እኛ በየቤታችን ጨርሰነዋል።

በእርግጥም ሰማይ አይታረስም። የሚታረሰውን መሬት ውሃ ይዞት ሊሄድ ሲል ግን ቀድሞ የሚታየው ከሰማይ ነው፤ ዝናብ የሚጠፋበትን ዓመት፣ እሳት የገባበትን ደን፣ ስንጥቅ የጀመረውን ግድብ የሚያየውም ያው ዓይን ነው። የኅዋ ሳይንስ ለእርስዎ ጨረቃ ላይ ወጥቶ የሚመለስ የሀብታሞች ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ለታችኛው ሰፈር ሰው ግን ልጁን አዝሎ ኮረብታው ላይ ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ ማለት ነው። መንግሥት ገንዘብ ያውጣ የምንለው ያን ጊዜ እንዲገዛልን ነው፤ እኛ በግላችን ልንገዛው አንችልም፣ ነጋዴም አያመጣውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያለ ቁጥር ብነግርዎ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ጣቢያው ከተቆለፈ ወዲህ በእጅ የሚያዝ ትንሽ አንቴና ከሬዲዮ ጋር አያይዤ የቤታችን ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። በዚህ መስማት እችላለሁ፤ መመለስ ግን አልችልም፣ ሳተላይቱን የሚያናግረው ከበር በስተጀርባ የታሸገው ትልቁ አንቴና ብቻ ነው። ድምፁ ከፍጥነቱ የተነሣ ወደ እኛ ሲመጣ ቀጠን ይላል፤ ከአናታችን አልፎ ሲሄድ ደግሞ ይወፍራል። ሲመጣ ያ ሬዲዮ የሚፈታታ ልጅ ነው፤ ሲሄድ ሊሆን ያልታደለው ሽማግሌ ነው። በዚህ መሐል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልክ ከላያችን ሲደርስ፣ ራሱን ይመስላል። ይህን እየሰማሁ ልብስ አጥባለሁ፣ ወደ ገበያ እወርዳለሁ፣ ከሰው ጋር አወራለሁ፤ ጆሮዬ ግን እንደ ሌላው ሰው ጆሮ መሆኑን ትቷል። ከታች የምትኖረው ጎረቤታችን «ያ እንግዳችሁ አልሄደም እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ወንድሜ ሳተላይቱን ሲሠራ፣ ለብዙ ጊዜ ከምድር የሚያናግረው ካጣ ሰማዩን በከንቱ ጩኸት እንዳይሞላ ብሎ ራሱን እንዲያጠፋ አድርጎታል። ካሜራውም አብሮ ይጠፋል፤ አንዴ ከጠፋ የሚቀሰቅሰው የለም። ያ ቀን የሚደርሰው የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው።

ከታችኛው ሰፈር ከተረፉት አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጎርፉ ሚስቱንና ታላቋን ልጁን ወስዶበታል። ጣሪያችን ላይ ድምፅ እንደሚሰማ ሰምቶ አንድ ጠዋት መጣ። ከዚህ ቀደም እንደመጡት ሐዘንተኞች ድምፁን ሊሰማ የመጣ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩለት። እሱ ግን ቆሞ ወደ ተራራው እያየ፣ «እኔ እንኳ ስለ ወንድምሽ አይደለም የመጣሁት እህቴ፣ ነፍሱን ይማረው። ዘንድሮስ ውሃውን ማን ያይልናል? እሱን ንገሪኝ» አለኝ። ዳመና በታየ ቁጥር ከነጫማው ነው የሚተኛው። ለቀረችው ልጁ ከወፍራም ሸራ የማዘያ ማንገቻ ሰፍቶ በሩ ላይ ሰቅሏል፤ ሲመሽ ልጅቷን በጀርባው አዝሎ እስከ መንገዱ ድረስ ይሮጥና ይመለሳል፤ ለልምምድ። ልጅቷ ጨዋታ ስለሚመስላት ትስቃለች። እኔ የምወጣው ለድምፁ ነበር፤ የሱ ጥያቄ ግን ጣሪያው ላይ ቀረና እኔንም እንቅልፍ ነሳኝ።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ባለፈው ሳምንት አማካሪዎን ወደ ቤታችን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የእናቴን ጉልበት ጠየቁ፣ ውሃም ተቀብለው ጠጡ። ከዚያ «የተከበሩ ሰብሳቢው ልባቸው ለሳይንስ ክፍት ነው» አሉን። «ነገር ግን የሞተ ሰው ከሰማይ ሲናገር ሕዝቡን ያሸብራል፤ ለአገር ገጽታም አይሆንም። ነገሩ ከተስተካከለ ድምፃቸውን ይሰጣሉ።» እኔ ድምፅ ሲሉ ምክር ቤት ውስጥ እጅ አውጥተው የሚሰጡት መስሎኝ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም ነበር። ከጉሮሮ የሚወጣውም ጭምር እንደሆነ ያስረዱኝ በር ላይ ደርሰው ነው። የወንድሜ ድምፅ ይጠፋና በቦታው የእርስዎ ድምፅ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሌላውም ድምፅ ይገኛል። ሁለቱ ለካ ተያይዘው ነው የሚሸጡት።

እናቴ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ትሰማ ነበር። ሰውየው ከሄዱ በኋላ ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳት፤ ማስቀመጫው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው እንደማይችል፣ የሱን ቅጂ ግን ቤት ውስጥ ልናስቀር እንደምንችል። «ቅጂውማ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ቅጂው የትም አይሄድም። እኔ የምወደው ሥራ ውሎ መምጣቱን ነው።» ከዚያ ልብሱን ማጣጠፏን ቀጠለች፤ የሱ ሸሚዝ እጇ ላይ ሲደርስ ግን እንደገና ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

በማግስቱ ጠዋት ጣሪያው ላይ ልውጣ አለች። ከሞተ ወዲህ ወጥታ አታውቅም ነበር፤ ደረጃውን ትከሻዬን ይዛ በየመሐሉ እያረፈች ወጣች። አንቴናውን ወደ ተራራው አዞርኩ። ድምፁ መምጣት ሲጀምር እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ልክ ከላያችን ሲደርስ ደግሞ፣ ምንም የማይሰማት መሆኑን እያወቀች፣ ከታች ያሉ ጎረቤቶች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ «አለህ ልጄ?» ብላ ጮኸች። «አለሁ» አላት። ወፍሮ፣ ሳስቶ፣ ከተራራው ወዲያ እስኪጠፋ ድረስ ቆመን ሰማነው። ከዚያ «ለፍቷል፤ ይበቃዋል» አለችኝ። «የሰው ልጅ ይትረፍበት። ንገሪያቸው፣ እሺ ብላለች በያቸው።» እኔ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ስንወርድ ደረጃውን በእጇ እየዳበሰች ነበር የምትወርደው።

ስለዚህ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ይህ ደብዳቤ የእሺታችን ማስታወቂያ ነው። አማካሪዎ ጉዳዩ በመካከላችን እንዲቀር አደራ ብለው ነበር፤ ነገር ግን ይህን የመሰለ ደግነት ተደብቆ መቅረት የለበትም ብዬ አገር እንዲያውቀው በአደባባይ ጻፍኩት። በሚቀጥለው ሳምንት የኅዋ ሳይንስ በጀት ለውሳኔ ሲቀርብ እጅዎን ያውጡልን። ክረምቱ ሳይገባ የጣቢያው በር ይከፈት፤ በእረፍት ቀንም መብራት ይብራ። በዚያው ዕለት የወንድሜን ድምፅ አጥፍቼ የእርስዎን እጭናለሁ። ያን ቁልፍ የምጫነው እኔው ነኝ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም። መጀመሪያ «አለህ?» ያልኩት እኔ ነኝና።

ከእግርዎ በታች ካለው ወለል ዝቅ ባለ ትሕትና፣ ከአዳራሽዎ ጭብጨባ በላቀ አክብሮት፣ ዘመንዎ እንዲረዝምና በዘመንዎ ክረምት እንዳይገባ እየተመኘሁ፣

የሽቦ እህት፤
የተቆለፈው ጣቢያ የሬዲዮ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ፣
ለልብስ ሰፊው፣
ማስጠንቀቂያ ለተጻፈለት ሟች (ባለበት)

ማሳሰቢያ፦ ለቀረጻው ሲመጡ የተዘጋጀ ንግግር ይዘው እንዳይለፉ እለምናለሁ። «የተከበራችሁ» የሚለው እንኳ አይገባም፤ ጭብጨባም አይያዝም። የሚሉት ያችኑ «አለሁ» የምትለዋን ቃል ነው፤ ካልለመዷት ቤትዎ ሆነው ጥቂት ይለማመዷት። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የታችኛው ሰፈር ሰው ልጁን ታቅፎ፣ ቀና ብሎ፣ በአክብሮት «አሉ?» ብሎ የሚጠይቀው እርስዎን ነው። ወንድሜ ሞቶ እንኳ አንድ ቀን ሳይመልስ አልቀረም፤ እርስዎ በሕይወት ስላሉ አይከብድዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።